ለድመቷ ያስቀመጥኩትን ማን በላው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ሳህን ላይ ያርፋሉ። በረንዳ ላይ፣ አጥር ሥር ወይም ደረጃ ላይ ለድመት የተቀመጠች ሳህን። ድመቷ አሽታ፣ ትንሽ ቀምሳ፣ «እመለስበታለሁ» ብላ ትሄዳለች። ውሻው ደግሞ «ይደር» የሚባል ነገር አያውቅም። እኔም ግቢ ሁለቱም ስላሉ ነገሩን የማውቀው በወሬ አይደለም። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ለዚችው ሳህን ነው።

«አይጥ ቢያስቸግረን ድመት አመጣን። ምግቧን ማታ ደጅ እናስቀምጥላታለን፤ ጠዋት ሳህኑ ተልሶ ነው የምናገኘው። የበላው ውሻችን እንደሆነ እናውቃለን፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ብንገርፈውም አልተወም። ድመቷ ከስታለች።» (እናት፣ ከኮተቤ)

እናቴ፣ መጀመሪያ ግርፋቱን ይተዉት። ውሻ ሌሊት ለበላው ጠዋት ሲመታ ሁለቱን ነገር አያገናኛቸውም፤ የሚማረው እርስዎን መፍራት ብቻ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውሻው ራሱ የሚበላው መቼ ነው? በአብዛኛው ግቢ ዘበኛ ውሻ በቀን አንዴ፣ ያውም ቤተሰቡ ራት ከበላ በኋላ፣ ትርፍ ከተገኘ ነው የሚጣልለት። ሆዱ ባዶ የሆነ ውሻ ተፈትቶ፣ ሥጋ ሥጋ የሚሸት ሳህን መሬት ላይ አግኝቶ ቢያልፍ ነበር የሚገርመው። እንግዲህ መድኃኒቱ የሚጀምረው ከእሱው ሳህን ነው። ከመፈታቱ በፊት፣ ሰዓቱ በታወቀ ጊዜ፣ የሚያጠግበውን ይስጡት።

ሁለተኛው መፍትሔ ሳንቲም አያስወጣም። ውሻው ቀን የሚታሰር ከሆነ ድመቷን ቀን ያብሏት። ጠዋት አንዴ፣ ከመምሸቱ በፊት አንዴ። ሳህኑ የሚቀመጠው ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ውጪ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የሰንሰለቱን ርዝመት ብቻ ይለካና የውሻውን ቁመት ይረሳል። ውሻ ተንጠራርቶ በፊት እግሩ ሳህን ይጎትታል። ስለዚህ ሰንሰለቱን፣ በዚያ ላይ ሙሉ የውሻውን ርዝመት፣ በዚያ ላይ አንድ እርምጃ ይጨምሩ።

የግድ ማታ ምግብ ይደር ካሉ ግን ድመቷ የምትችለውን፣ ውሻው የማይችለውን ነገር ይፈልጉ። ድመት መዝለል ትችላለች፤ ጤነኛ ድመት ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ያለ ብዙ ጭንቅ ትወጣለች። ግድግዳ ላይ ከደረትዎ ከፍ አድርገው አንዲት የጣውላ መደርደሪያ ያስመቱ። ከላይዋ ለዝናብ ቁራጭ ቆርቆሮ ትበቃለች። ከሥሯ ውሻው ተንደርድሮ የሚወጣበት በርሜል፣ ድንጋይ ወይም የተከመረ እንጨት አይኑር። እኔ ይህን ሁሉ ካዘጋጀሁ በኋላ ጋሪ ከሥሩ አቁሜ ውሻዬን በገዛ እጄ መሰላል ሰጥቼዋለሁ።

ድመቷ ካረጀች ወይም ካረገዘች ከፍታው ይከብዳታል። ያኔ ሃያ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጀሪካን ይፈልጉ፤ የላምባ ወይም የኬሚካል ያልነበረ ይሁን። አጋድመው በአንድ በኩል ድመቷ የምታልፍበትን ያህል ቀዳዳ ያስቀድዱ። ለብዙ ድመት ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ይበቃል፤ የእርስዎ ውሻ ትንሽ ዝርያ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። በሌላው ጫፍም ተመሳሳይ ቀዳዳ ይኑር፤ ድመት መውጫው አንድ ብቻ የሆነ ቦታ ገብታ፣ ጀርባዋን ለውሻ ሰጥታ መብላት አትወድም። ሳህኑ መሐል ላይ፣ የውሻው አፍና እግር ከማይደርስበት ይቀመጥ። ጠርዙን በጋለ ቢላ አለስልሰው ጀሪካኑን ከአጥሩ ጋር በሽቦ ይሰሩት፤ አለዚያ ውሻው እያንከባለለ ይጫወትበታል።

ደግሞ «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ብለው ምግቧን እንዳይቀንሱባት። የማደን ጠባይዋ ረሃብ ብቻ የሚቀሰቅሰው አይደለም፤ ጠግባም ታድናለች። የራባት ድመት ጎረቤት ትሄዳለች፣ አይጡ እርስዎ ጋ ይቀራል።

«ጡረተኛ ነኝ። በኮንዶሚኒየማችን ሥር ያሉ አራት ድመቶችን እመግባለሁ። አሁን ሽታውን ተከትለው የሰፈር ውሾች ተሰበሰቡ። ጎረቤቶቼ ውሻ ያመጡብን እርስዎ ነዎት ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከጀሞ)

ይከፋዎት ይሆናል እንጂ አባቴ፣ በከፊል እውነት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለው ተረት ብቻ አይደለም። ውሻ በተደጋጋሚ ምግብ ያገኘበትን ቦታ የራሱ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያ የሚያልፈውን ልጅ መጮኽና ማባረር ይጀምራል። በከፊል ያልኩት የቆሻሻ ገንዳው ክፍት ከሆነ ውሾቹ ያለ እርስዎም ስለሚመጡ ነው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሁለቱንም ጉዳይ አብረው ያንሱ።

ከእርስዎ የሚጠበቀው ምግቡን ጥለው አለመሄድ ነው። ሰዓት ይወስኑ፤ በቀን፣ በብርሃን ይሁን። ድመት ሰዓት ለመልመድ ብዙ ቀን አይፈጅባትም፤ እርስዎ ሳይደርሱ ቆማ ትጠብቅዎታለች። በአራት ትንንሽ ሳህን፣ ከቻሉ ከመሬት ከፍ ባለ አጥር ወይም ግንብ ጫፍ ላይ ያስቀምጡላቸው። ሃያ ደቂቃ ወይም ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ጋዜጣ ይዘው ቢመጡ ደግሞ ጥሩ። ከዚያ የተረፈውን ያንሱ፣ የፈሰሰውን በውሃ ያጥቡ። አጥንት ይዘው አይምጡ፤ ውሻውን ከሩቅ የሚጠራው እሱ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠቀ የድመቶቹንም ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ጎረቤቶችዎ የሚፈሩት ነገር ከጩኸት በላይ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚተላለፈው ከውሻ ነው፤ ድመትም ታስተላልፋለች። ማንም ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። «መጀመሪያ መድኃኒት አዋቂ ጋ ልውሰደው» የሚባለው መዘግየት ነው ሰው የሚገድለው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚመልሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። የነከሰው ውሻ ከታወቀ አይግደሉት፤ በጥንቃቄ ተይዞ አሥር ቀን ይታይ። የሰውዬው ሕክምና ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም።

«ሚጥሚጣ ሳህኑ ዙሪያ ብነሰንስስ? ናፍታሊንስ? አንድ ጎረቤቴ ደግሞ መርዝ ነው የሚያዋጣው አለኝ።» (ከአዳማ)

ሦስቱንም ተው። ሚጥሚጣው የውሻውን አፍንጫና ዓይን ያቃጥላል፤ ግን ድመቷም ረግጣው ታልፋለች፣ ከዚያ እግሯን ትልሳለች። ናፍታሊን ለድመት መርዝ ነው። መርዝ ያልከውን በተመለከተ፣ መርዝ ማንን እንደሚገድል አይመርጥም። ለውሻው ያልከው መርዝ የራስህን ድመት፣ የሞተውን ውሻ የበላ ጥንብ አንሳ፣ ወይም መሬት ላይ ያገኘውን የሚያነሳ ሕፃን ይገድላል። ጎረቤትህን በሌላ ጉዳይ አማክረው።

«በጾም ቤታችን ሥጋ አይገባም። ለድመቷ እንጀራ በሽሮ ስናደርግላት አትነካውም፣ ውሻው ይጨርሰዋል። ከሉካንዳ ጥሬ ሳምባ እያመጣሁ ደጅ አስቀምጥላታለሁ፣ እሱንም ውሻው ይቀማታል። ምን ላድርግ?» (ከጎንደር)

በዚህ ሳምንት ካነበብኳቸው ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ ጠያቂዋ የምትጨነቀው ለድመቷ ነው፣ እኔ ግን ለቤተሰቡ ፈራሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። ድመት ክርስትና አልተነሳችም፤ ሁዳዴን 55 ቀን ጹሚ ብትባል አትችልም። ሰውነቷ የተሠራው ለሥጋ ነው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፣ ካጣችው ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። ሽሮው ደግሞ አለመፈለጓ በጀ። ወጣችን ሁሉ መሠረቱ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም፣ ቢበስሉም እንኳ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ለውሻም አይበጁም፣ ድመት ግን ባነሰ መጠን ትጎዳለች። ወጥ ነክቶት የተረፈ ሥጋ አጥበሽ ከመስጠት ገና ሲከተፍ ቁራጭ ማስቀረት ይሻላል። በጾሙ ጊዜ እንቁላል መቀቀል ወይም የሰርዲን ጣሳ ከፍቶ ዘይቱን አንጠፍጥፎ ለጥቂት ቀን በትንሽ በትንሹ ማካፈልም ይቻላል። ወተት አትቁጠሪው፤ ያደገች ድመት አብዛኛውን ጊዜ አይስማማትም፣ ያስቀምጣታል።

አሁን ሳምባው። በአገራችን በሚታረዱ በጎች፣ ፍየሎችና ከብቶች ሳምባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የሚመስል ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ የአንድ ጥቃቅን የኮሶ ዘር እጭ ነው። ድመቷ ብትበላው ብዙም ችግር የለውም። ውሻው ሲበላው ግን ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ጸጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ ይቀራል። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ ከዓመታት በኋላ ያው ፊኛ በራሱ ጉበት ወይም ሳምባ ውስጥ ሊያድግበት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። ስለዚህ አንቺ «ውሻው ቀማት» ያልሽው ነገር የምግብ ክርክር ብቻ አይደለም። ሳምባውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅይው፤ ከዚያ ውሻውም ቢሰርቀው የሚጎዳው ድመቷን ብቻ ነው። ፊኛ ያለበትን ቁራጭ ወይ አቃጥይው ወይ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሪው። ለፋሲካ ቤት ውስጥ በግ ሲታረድም «ለውሻው ጣሉለት» የሚባለው ነገር ይቅር። ለውሻው የትል መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ጠይቂ፤ ግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ ሳትውዪ ሳታድሪ።

ድመቷ የምትበላበትን ቦታ በተመለከተ ለኮተቤዋ እናት የጻፍኩትን አንብቢ።

«ውሻው የድመት ምግብ ቢበላ ምን ይሆናል? በተቃራኒውስ?» (ከሐዋሳ)

ፋብሪካ የሚሠራው የድመት ምግብ ከውሻው ይልቅ ፕሮቲንና ስብ የበዛበት ነው። አንዴ ቢሰርቅ ሆዱ ይታወክ ይሆናል። ሁልጊዜ ከሆነ ይወፍራል፤ ስብ የማይስማማው ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ድመቷ የውሻ ምግብ ለአንድ ሁለት ቀን ብትበላ አትሞትም፣ ቋሚ ቀለቧ ከሆነ ግን ታውሪኑ አይበቃትም።

«ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። የድመታችንን ምግብ ጓሮ በረንዳ ላይ እናስቀምጣለን። ቀን የጎረቤት ውሻ በአጥር ሥር ሾልኮ ይበላዋል፤ ከፍ አድርገን ብንሰቅለው ማታ ራኩን (ድመት የሚያህል የአሜሪካ የዱር እንስሳ) ወጥቶ ጨረሰው።» (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

ራኩን ጋ የእኛ አገር ዘዴ አይሠራም። ይወጣል፣ በእጁ ይከፍታል፣ የጀሪካኔን ቀዳዳ ቢያይ ይስቃል። ለእሱ የሚሆነው ሰዓት ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳህኑ ቤት ይግባ፣ የፈሰሰ የምግብ ፍርፋሪም ይጠረግ። በምሥራቅ አሜሪካ ራኩን የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዛምቱ የዱር እንስሳት ዋናው ስለሆነ በመጥረጊያ እያባረርሽ አትቅረቢው፤ የድመትሽንም ክትባት ቀን ተመልከቺ።

የጎረቤቱ ውሻ ጉዳይ ከውሻው ይልቅ ከጎረቤቱ ጋር ነው። እኛ ሰዎች ስድስት ወር ዝም ብለን በሰባተኛው ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) እንደውላለን። አጥር ሥር ያለውን ጉድጓድ ፎቶ አንስተሽ፣ «ውሻህ የድመት ምግብ እየበላ ሆዱን እንዳያመው» ብለሽ አንኳኪ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በውሻው ጤና በኩል ሲመጡበት የማይደነግጥ ባለቤት አላየሁም። ድመቷ ማይክሮቺፕ (ከቆዳዋ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ መለያ) ካላት ደግሞ ቺፑን አንብቦ ለእሷ ብቻ የሚከፈት የድመት በር ይሸጣል፤ ምግቧን ውስጥ ታደርጊዋለሽ፣ ነገሩ ያልቃል። ውድ ነው።

«ውሻዬና ድመቴ ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት፣ ተጣልተው አያውቁም። ሰዎች ለያቸው ይሉኛል።» (ከባሕር ዳር)

ሳይጣሉ መብላትና እኩል መብላት ይለያያል። ውሻ የራሱን በሁለት ደቂቃ ያጋብሳል፤ ድመት በቀን ብዙ ጊዜ በትንሽ በትንሹ የምትበላ ፍጥረት ናት። ዝምታዋ ጨዋነት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ እጅህን ጎኗ ላይ አሳርፍ። የጎድን አጥንቷ እንደ ማበጠሪያ እየተቆጠረ ከሆነ ነገ ሳህኗን ለይ። አጥንቷ ስስ ሥጋ ለብሶ ከሥሩ የሚዳሰስ ከሆነ ደህና ናት፤ አብረው ሲበሉ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።