ሴክሽን ኤይት ይዞ ለመጣ ሰው ቤቴን ላከራይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ሴክሽን ኤይት፣ ማለትም ገቢው ላነሰ ሰው መንግሥት ኪራዩን የሚያግዝበት ፕሮግራም። ሀበሻው በሜሪላንድም በቨርጂኒያም በሲያትልም ሁለተኛ ቤት እየገዛ ነው፤ ተከራይ ሲፈልግ ደግሞ ቫውቸር፣ ማለትም የዚህን ድጋፍ ወረቀት የያዘ ሰው ይደውልለታል። አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ገንዘቡ ብቻ ይታየዋል። ገንዘቡ የሚመጣው ሀድ ከሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን የየአካባቢው የቤቶች ባለሥልጣን፣ በእኛ አፍ «ሃውዚንግ» ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ታውንሃውሴን ላከራይ ነው። አንዲት ሴት ቫውቸር አለኝ ብላ ደወለች። ጓደኞቼ «ቤትህን ያፈርሱብሃል፣ እንዳትነካው» አሉኝ። አልፈልግም ማለት እችላለሁ?

ወንድሜ፣ በቫውቸሩ ምክንያት ከሆነ አትችልም። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ተከራይን በገቢው ምንጭ መለየትን በሕግ ከልክላለች፤ ያንተ ካውንቲ ሞንትጎመሪ ደግሞ ከዚያም በፊት ከልክሎ ነበር። ዲሲም እንደዚሁ ነው። ቨርጂኒያ በ2020 ተመሳሳይ ሕግ ብታወጣም ከአራት የማይበልጥ የኪራይ ቤት ያላቸውን ትንንሽ ባለቤቶች ትተዋለች። ዋሽንግተን ስቴት በ2018 ነው የከለከለችው። ቴክሳስ ላይ ግን እንዲህ ያለ የስቴት ሕግ የለም። ሕጉ ባለበት ቦታ «ሴክሽን ኤይት አንቀበልም» ብሎ ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ብቻውን ያስከስሳል።

ሰው መምረጥ ግን መብትህ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሃውዚንግ የሚያጣራው ሴትየዋ ቫውቸሩ ይገባታል ወይ የሚለውን ነው። ጥሩ ተከራይ ናት ወይ የሚለውን የምታጣራው አንተ ነህ። ክሬዲቷን እይ፣ የኪራይ ታሪኳን ጠይቅ፤ ብቻ ለሌላው አመልካች የምታደርገውን ለእሷም አድርግ፣ አትጨምርም አትቀንስም። ገቢዋን ስትመዝን ከሙሉው ኪራይ ጋር ሳይሆን ከራሷ ድርሻ ጋር አስተያየው። ሃውዚንጉን ከጠየቅከው የአሁኑንም የቀድሞውንም አከራይዋን ስምና አድራሻ፣ የሚያውቀው ከሆነ ይሰጥሃል። በተለይ ለቀድሞው ደውል። የአሁኑ ሊገላገላት ፈልጎ ሊያሞግሳት ይችላል።

«ቤት ያፈርሳሉ» ስለሚባለው የራሴን ልንገርህ። ከተከራዮቼ ሁሉ ግድግዳ በስቶ፣ ምንጣፍ አበላሽቶ የወጣው ጥሩ ደሞዝ የነበረው ሰው ነው። ቫውቸር ይዛ የገባችው የሁለት ልጆች እናት ብዙ ዓመት ቆይታለች። ስትለቅ ምድጃውን ጎትታ ከኋላው ያለውን ቅባት ሳይቀር ጠርጋ ነው ቁልፉን ያስረከበችኝ።

ኪራዩን የሚከፍለኝ ማነው? ተከራዩ ሥራ ቢያጣስ?

ሁለቱም ይከፍሉዎታል። ተከራዩ ተቀናናሹ ከወጣለት ወርሃዊ ገቢው በአብዛኛው 30 በመቶውን ይከፍላል፤ ሃውዚንጉ ደግሞ ራሱ በወሰነው የክፍያ ጣሪያ ልክ የቀረውን በቀጥታ ባንክዎ ያስገባል። ለምሳሌ ኪራዩ ውሃና መብራት ጨምሮ 2,100 ዶላር ነው እንበል፤ ከጣሪያውም አላለፈም። የተከራዩ ገቢ 2,000 ከሆነ እሱ 600 ይከፍላል፣ ሃውዚንጉ 1,500። ሥራ አጥቶ ገቢው ወደ 800 ቢወርድ ድርሻው 240 ይሆናል፤ የቀረውን 1,860 ሃውዚንጉ ይሸፍናል። ተራ ተከራይ ሥራ ሲያጣ የሚሆነውን ያውቁታል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ ግን ይዘገያል። ቤቱ ኢንስፔክሽን (የሃውዚንጉን የቤት ፍተሻ) ሳያልፍ ተከራዩ ከገባ፣ ከማለፉ በፊት ላሉት ቀናት ሃውዚንጉ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። «ልጆቼን ይዤ የት ልሂድ፣ እባክዎ ቶሎ ልግባ» ቢልዎትም፣ አንጀትዎን ቢበላውም፣ ቁልፉን አይስጡ። ውሉ እስኪፈረም ከባንክ ዕዳው ቢያንስ የሁለት ወሩን ይዘው ይጠብቁ።

ታናሽ እህቴ ቫውቸር ወጣላት። የኔን ኮንዶ ባከራያትስ? ገንዘቡ ከቤተሰብ አይወጣም።

አይቻልም፣ እህቴ። ባለቤቱ የተከራይዋ ወይም አብሯት የሚኖር ሰው ወላጅ፣ ልጅ፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ከሆነ ሃውዚንጉ አይፈቅድም። የሚፈቀደው ከቤተሰቡ አንዱ አካል ጉዳተኛ ሆኖ ቤቱ ለእሱ የሚያስፈልግ ሲሆን ነው፤ እሱንም አስቀድሞ ሃውዚንጉ ማጽደቅ አለበት። የስም ልዩነትን አትመኚበት። በእኛ ባህል እህትማማቾች የአባታቸውን ስም ስለሚይዙ ያንቺ እንዲያውም አንድ ነው፤ በባልሽ ስም ብትጠሪም ደግሞ ስትፈርሚ ዝምድና የለንም ብለሽ ማረጋገጥሽ አይቀርም። የውሸት ፊርማ እህትሽን ቫውቸሯን ያሳጣታል።

ሃውዚንጉ ከጠየቅኩት 200 ዶላር ቀነሰብኝ። ተከራዩ ራሱ «ልዩነቱን በእጅ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። ውሉ ላይ ከተጻፈው በላይ አንድም ዶላር መቀበል ክልክል ነው፤ በእጅም ቢሆን፣ «ለፓርኪንግ ነው» ተብሎም ቢሆን። ማጭበርበር ነው፤ የተቀበልከውን ትመልሳለህ፣ ከፕሮግራሙ ትባረራለህ፣ ልትከሰስም ትችላለህ። ያ ሰው ራሱ ፈቅዶ ነው አትበል። ቤት ስላጣ ነው የተናገረው። 200 ዶላሯ ከልጆቹ ምግብ ላይ ነው የምትነሳው።

ይልቅ ተከራከር። ሃውዚንጉ ኪራይህን የሚመዝነው በሰፈሩ ካሉ፣ ቫውቸር ከሌላቸው ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ነው። አንተም ሦስት አራት ማስታወቂያ ሰብስብ፤ የመኝታ ቤቱ ብዛት፣ ስፋቱ፣ ማጠቢያ ማሽኑ የሚነጻጸር ይሁን። ይዘህ ሂድና እንደገና ይታይልኝ በል። በመጀመሪያው የውል ዘመን ኪራይ መጨመር አይቻልም። ከዚያ በኋላ ስትጨምር ደግሞ ቢያንስ ከ60 ቀን በፊት ለሃውዚንጉ አሳውቅ።

ቤቴ ኢንስፔክሽን ወደቀ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ቀለሙም አዲስ ነው። ምን ፈልገው ነው?

እናቴ፣ ቀለሙን አላዩልዎትም። የሚመጣው ሰው ውበት አይፈልግም፣ ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ነው የሚፈልገው። አብሬው ዞሬ አይቻለሁ። ምድጃውን አራቱንም ያበራል። በየሶኬቱ ትንሽ መሞከሪያ ይሰካል። መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይቆልፋል። ደረጃ ላይ ሲወጣ መደገፊያውን ይዞ ይነቀንቀዋል። ሙቅ ውሃ ይከፍትና በእጁ ይነካል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራና ከስድስት ዓመት በታች ልጅ የሚገባበት ከሆነ የተላላጠ ቀለም በጣም ያሳስበዋል፤ በዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ነገር ነበርና።

እኔን የጣለኝ የጭስ ማስጠንቀቂያው ነው። ቡና ስንቆላ እየጮኸ ስላስቸገረን ከጣሪያው አውርጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ ባዶውን መስቀያ አየና ምንም ሳይናገር ጻፈ። አፍሬ ቆምኩ፤ እዚያ ቤት ሁለት ልጆች ሊተኙበት ነበር። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጋዝ ያለበት ወይም ጋራዥ የተያያዘው ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ያስፈልገዋል።

ስለወደቀ አይጨነቁ። ወረቀቱን ይዘው አንድ በአንድ ያስጠግኑ፣ ሲያልቅ ድጋሚ ይምጡልኝ ይበሉ። ተከራዩ ከገባ በኋላ ነው ጊዜው የሚያጥረው፤ ለሕይወት አስጊ የሆነውን በ24 ሰዓት፣ ሌላውን በ30 ቀን ማስተካከል ግድ ነው። ካልተስተካከለ ክፍያው ይቆማል፣ የቆመበትም ጊዜ ገንዘብ ወደኋላ ተመልሶ አይከፈልም።

ተከራዬ ድርሻዋን ካልከፈለችኝ ወይም ቤቱን ካበላሸች ሃውዚንጉ ይከፍለኛል?

አይከፍልም። ዲፖዚቱን (የመያዣውን ገንዘብ) የሚያስይዘው ተከራዩ ነው፤ ሜሪላንድ ላይ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ዲሲም እንደዚሁ። ከዚያ ያለፈ ጉዳት ቢኖር መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ስትገባ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሺ፣ ዝርዝሩን አብራችሁ ፈርሙበት። የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ ስትሰጪ ግልባጩ ለሃውዚንጉም ይሂድ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ የሃውዚንጉ ድርሻ ቢዘገይ ለእሱ ተከራይዋ ተጠያቂ አይደለችም። በዚያ ምክንያት ልታስወጫት አትችይም።

ቫውቸር የያዝኩት እኔ ነኝ። ለአገሬ ሰው እየደወልኩ በአማርኛ እንነጋገራለን፤ «ሴክሽን ኤይት ነኝ» ስል ስልኩ ይዘጋል። ቀኔ እያለቀ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያመኛል፤ በራሳችን ቋንቋ መዘጋቱ ደግሞ የባሰ ያማል።

መጀመሪያ ቀኑን አድኚ። ቫውቸር ሲሰጥ ቢያንስ 60 ቀን አለው፤ ከማለቁ በፊት ይራዘምልኝ ብለሽ በጽሑፍ አመልክቺ፣ የደወልሽበትን ቤት ሁሉ ከነቀኑ ዘርዝረሽ አያይዢ። ሁለተኛ፣ በስልክ አትጀምሪ። ከቀድሞ አከራይሽ ደብዳቤ ያዢና ቤቱን ለማየት ስትሄጂ በእጅሽ ስጪው። ያንቺ ድርሻ በወር ስንት እንደሆነ፣ ሃውዚንጉ ስንት እንደሚከፍል በአንድ ገጽ ጽፈሽ አሳዪው፤ ብዙው አከራይ የሚፈራው ስለማያውቀው ነው። ሦስተኛ፣ የምትኖሪው ሕጉ ያለበት ቦታ ከሆነ የስልኩን ቀንና ሰዓት መዝግበሽ ለካውንቲሽ የሰብዓዊ መብት ቢሮ አቤት በይ። አቤቱታው ነጻ ነው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችያለሽ።

ማመልከቻውን ለመጻፍ የሚያግዝሽ ከሌለ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ አብረን እንጽፈዋለን።