የግቢው ዋንዛ እና የልጆች ውጤት

ጥያቄ፦ የ4ኛ እና የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች የሆኑ ሁለት ልጆች አሉኝ። የሚማሩት ቀድሞ መኖሪያ ቪላ በነበረ ግቢ ውስጥ በተከፈተ የግል ትምህርት ቤት ነው። በግቢው መካከል አንድ ትልቅ ዋንዛ፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ሁለት ጽዶች አሉ። ሰሞኑን በወላጆች ስብሰባ ላይ አስተዳደሩ ዛፎቹን አስቆርጦ የግቢውን ከፊል ኮብልስቶን፣ ከፊሉን ሰው ሠራሽ ሳር ሊያለብስ ማሰቡን ነገረን። የክረምቱ ጭቃና የዋንዛው የሚያጣብቅ ፍሬ የልጆቹን ልብስ አበላሸ ነው የሚሉት። ልጆች ወደ ውጭ እያዩ እንዳይዘናጉ በሚልም የመስኮቶቹ የታችኛው መስታወት ቀለም ተቀብቷል። ዛፍ ለትምህርት ይጠቅማል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው ወይስ ወሬ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የሰሙት ነገር መሠረት አለው፤ ሆኖም ዛፍ በተተከለ ቁጥር ውጤት ይጨምራል ማለት አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የነበረው የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና ውጤት በሳተላይት ከተለካው የትምህርት ቤቶቹ አካባቢ ልምላሜ ጋር ሲነጻጸር፣ ለምለም በሆነው አካባቢ የሚማሩት በእንግሊዝኛም በሒሳብም የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ታይቷል። እንዲህ ያለውን ጥናት ስናነብ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሀብታም ሰፈር ዛፍም ይበዛበታል፣ አስጠኚም ይቀጠርበታል። አጥኚዎቹ የቤተሰብን ገቢ በስሌታቸው ውስጥ ቢያስገቡም፣ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የቺካጎ ጥናት ነው፤ ምክንያቱም የተመለከታቸው 318 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ተማሪዎቻቸው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። በዚያ ከሒሳብ ውጤት ጋር የተያያዘው በግቢው ያለው ዛፍ ሲሆን፣ ሣሩ ግን ምንም ዝምድና አልታየበትም። በሚሺጋን 101 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል፤ ከመማሪያ ክፍልና ከመመገቢያ አዳራሽ መስኮት ዛፍና ቁጥቋጦ የሚታይባቸው ትምህርት ቤቶች የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፣ ሰፊ የሣር ሜዳና የመኪና ማቆሚያ የሚበዛባቸው ወደ ኋላ ቀርተዋል። እውነተኛው ሣር ይህን ያህል ካልረዳ፣ ከፕላስቲክ የተሠራው በምን መንገድ ዋንዛውን ሊተካ እንደሚችል አይታየኝም።

ስለ መስኮቱ ቀለም ደግሞ የምለው አለኝ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች የማየው፣ ሁልጊዜም የሚያስገርመኝ ልማድ ነው። በኢሊኖይ ግዛት 94 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕጣ ተከፋፍለው፣ አንዳንዶቹ መስኮት በሌለው፣ አንዳንዶቹ መስኮቱ ግንብ በሚያሳይ፣ የቀሩት ደግሞ አረንጓዴ ነገር በሚታይበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አድካሚ ሥራ ከሠሩ በኋላ አጭር እረፍት ተሰጣቸው። ከእረፍቱ በኋላ ትኩረታቸው በተሻለ ሁኔታ የተመለሰላቸውና ከጭንቀት ቶሎ ያገገሙት አረንጓዴውን ያዩት ናቸው። ግንብ የሚያሳየው መስኮት ግን ጨርሶ መስኮት ከሌለው ክፍል አልተሻለም። ምደባው በዕጣ ስለሆነ የሰፈር ሀብት ጥያቄ እዚህ ላይ አይነሳም። ስለዚህ በመስታወቱ ላይ የተቀባው ቀለም መዘናጋትን ከመከልከል ይልቅ የደከመው ልጅ የሚያርፍበትን እይታ የዘጋ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤቱ በመኪና መንገድ ዳር ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ። በባርሴሎና በ36 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 2,593 ልጆች ለ12 ወራት ክትትል ተደርጎባቸው፣ ለምለም በሆነው ግቢ የሚማሩት አንድን ነገር በአእምሮ ይዞ የመሥራት ችሎታቸው በፍጥነት አድጓል። ከዚህ ልዩነት ከ20 እስከ 65 በመቶ የሚሆነው በለምለሙ ግቢ የተሽከርካሪ ጭስ በማነሱ የመጣ እንደሆነ አጥኚዎቹ ገምተዋል።

ይህን ሁሉ ስል ጭቃው ችግር አይደለም ማለቴ አይደለም። የእግር መንገዱን ብቻ ኮብልስቶን ማልበስ፣ የዝናቡን ውሃ በቦይ ማስወጣት፣ በዋንዛው ግንድ ዙሪያ ውሃና አየር ሥሩ ድረስ እንዲደርስ ሰፋ ያለ አፈር ክፍት አድርጎ መተው ይቻላል። ፍሬውም ቢሆን የሚረግፍበት ወቅት ስላለው በመጥረጊያ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አስተዳደሩ «ምትክ ችግኝ እንተክላለን» የሚል ከሆነ፣ የሚተከለው ተማሪው እረፍት ላይ ባለበት በሐምሌ ስለሚሆን፣ በጥርና በየካቲት ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ በስብሰባው ላይ ይጠይቁ። ችግኙ ጸድቆ ቢያድግ እንኳ፣ ጥላው ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚበቃ እስኪሆን ሁለቱም ልጆችዎ ከዚያ ትምህርት ቤት ሳይወጡ አይቀሩም።