የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አስፈሪ ልብ ወለድ ተርጉሞ በግል ማሳተም

ጥያቄ፦ «ፍራንከንስታይንን መተርጎም ጀምሬአለሁ። እኔ ያለኝ ቅጂ 24 ምዕራፍ አለው። ጓደኛዬ ዘንድ ያለው ግን በሦስት ክፍል ተከፍሎ፣ በየክፍሉ ምዕራፉ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ትክክለኛው የትኛው ነው?» (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱም የሜሪ ሼሊ ናቸው። የጓደኛዎ እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ላይ የደራሲዋ ስም ሳይጠቀስበት በ500 ቅጂ የወጣው ነው። ምዕራፎቹ 7፣ 9 እና 7 ሆነው በድምሩ 23 ይመጣሉ። የእርስዎ ደግሞ ደራሲዋ አርማ በ1831 ያወጣችው ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለሁለት ስለከፈለችው ቁጥሩ 24 ሆነ። ልዩነቱ ግን በቁጥር ብቻ አያበቃም። በ1818ቱ ኤልሳቤጥ ፍጡሩን የሠራው ባለታሪክ የቪክቶር የአክስቱ ልጅ ናት፤ በ1831ዱ ከድሃ ገበሬ ቤት ተወስዳ ያደገች ወላጅ አልባ ሆናለች። በኋለኛው ቪክቶር ደጋግሞ ዕጣ ፈንታውን ይከሳል፤ በፊተኛው ጥፋቱ ይበልጥ የራሱ ነው። እኛ የምንመርጠው የ1818ቱን ነው፤ ሰውየው ማቆም እየቻለ አለማቆሙ ከየትኛውም ዕጣ ፈንታ በላይ ያስፈራል። በ1816 ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ሐሳቡ እንዴት እንደመጣላት የምትተርክበት መግቢያ ያለው በ1831ዱ ስለሆነ፣ እሱን በአባሪነት ማስገባት ይቻላል። የማይቻለው ሁለቱን ማደባለቅ ነው፤ ኤልሳቤጥ በአንዱ ምዕራፍ የአክስት ልጅ፣ በሌላው ባዳ ትሆናለች። የመረጡትን እትም ዓመት በመብት ገጹ ላይ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ «ድራኩላን ተርጉሜ ለአርታዒ ሰጠሁ። "ንግግሩ አያስፈራም" አለኝ። ምን ጎደለው? ቀኑንና ሰዓቱንስ ወደ እኛ አቆጣጠር ልለውጥ?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የላኩልን አሥር ገጽ ውስጥ ካውንት ድራኩላ እንግዳውን ጆናታን ሃርከርን አንዴ «አንተ»፣ አንዴ «እርስዎ» ይለዋል። ፍርሃቱ የሚያፈሰው እዚያ ነው። እንግሊዝኛው ይህን ምርጫ አያስገድድም፤ አማርኛው ግን በየግሡ ያስገድዳል። ስለዚህ አንድም ዐረፍተ ነገር ሳይተረጉሙ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ በግራ ተናጋሪው፣ ከላይ የሚነገረው፣ መገናኛው ላይ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይም እናንተ፤ ከሥሩ ደግሞ የሚለወጥበት ምዕራፍ።

ካውንቱ እስከ መጨረሻው ጨዋ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ሃርከር ልሂድ ሲለው በፈገግታ ሸኝቶ በሩን ይከፍትለታል፤ ውጭ ተኩላዎቹ ይጮኻሉ። እዚህ ቦታ «እርስዎ» ካልጸና ትዕይንቱ ተራ ዛቻ ይሆናል። የሃርከር ማስታወሻ ግን ሌላ መንገድ አለው። መጀመሪያ ስለ አስተናጋጁ «እሳቸው» እያለ ይጻፍ፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ካውንቱ በግንቡ ላይ ቁልቁል በደረቱ ሲሳብ ካየ በኋላ «እሱ» ይሁን። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት «እርስዎ»፣ በማስታወሻው «እሱ» ማለቱ ፍርሃቱን ያለ አንድ ቅጽል ይሸከመዋል። አማርኛ ለዚህ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሣሪያ ያለው በዚህ ነጥብ ላይ ስለሆነ አያባክኑት።

ፍራንከንስታይንን የሚተረጉሙትም ይህን ልብ ይበሉ። ፍጡሩ በበረዶው ተራራ ላይ ፈጣሪውን ሲያገኝ «እርስዎ» እንዲል የሚመክሩ አሉ። እኛ አንስማማም። እኛ ፈጣሪን የምንለምነው በ«አንተ» ነው፤ ፍጡሩም እኔ አዳምህ መሆን ነበረብኝ እያለ ነውና የሚከሰው፣ «አንተ» ቅርበቱንም ክሱንም ይይዝለታል።

ስለ ቀንና ሰዓትም ጠይቀዋል። ድራኩላ በማስታወሻና በደብዳቤ ስለተሠራ የየዕለቱን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር አይለውጡ፤ አንዱን ከሳቱ ሁሉም ይዛባል። ሰዓቱን ግን ይለውጡ፤ «ከሌሊቱ 12 ሰዓት» ለእኛ ንጋት ነው። «እኩለ ሌሊት» ማለት ከሁሉም ያድናል።

ጥያቄ፦ «በጀርመንኛ የጻፈው ደራሲ ካፍካ ከሞተ 100 ዓመት አልፎታል። ከእንግሊዝኛ ብተረጉመው የሚጠይቀኝ አለ?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሊኖር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በእስራኤል 70 ዓመት። ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1924 ስለሞተ ጀርመንኛው ነፃ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ግን የተርጓሚው ሥራ ስለሆነ የራሱ ዕድሜ አለው። የተርጓሚውን ስም ከመብት ገጹ ያንብቡ፣ የሞተበትን ዓመት ይፈልጉ፣ ጊዜው ካላለፈ ፈቃድ ይጠይቁ ወይም ሌላ ትርጉም ይምረጡ። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ድራኩላን ያለ ፈቃድ ወደ ፊልም የለወጡትን ጀርመኖች የደራሲው የብራም ስቶከር ሚስት ከስሳ፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ አዟል።

ጥያቄ፦ «ጽሑፉ አልቋል፤ 1,000 ቅጂ በራሴ ላሳትም ነው። ሽፋኑ ጥቁር ይሆናል። ምን ልጠንቀቅ? ዋጋውንስ እንዴት ልተምን?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከፊደሉ ይጀምሩ። በቀድሞው ፓወር ግዕዝ ወይም በሌላ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ ፊደል የተጻፈ ካለ መጀመሪያ ይቀየር፤ ከዚያ በቅየራው የተዛባ ፊደል እንዳያመልጥ በሙሉ ይነበብ። ሁለት ነጥብ ደጋግመው የሠሩትን «፡፡» በአንዱ «።» ይተኩ፤ አለዚያ አንዱ ነጥብ መስመር መጨረሻ ላይ ቀርቶ ሌላው ቀጣዩን መስመር ይጀምራል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ በገጸ ባሕርያት ስም ላይ አንድ ወጥ ይሁኑ።

መጠኑ 14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የገጹ ብዛት ለ16 የሚካፈል ቢሆን ወረቀት አይባክንም። የመጽሐፉን ውፍረት ሳያውቁ ሽፋን አያሠሩ። ባለ 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነውና 320 ገጽ፣ ማለትም 160 ቅጠል፣ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ትክክለኛውን ግን ማተሚያ ቤቱ በባዶ ናሙና ለክቶ ይስጥዎ። ጥቁር ሽፋን ትንሹን ስሕተት ሁሉ ያሳያል። በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ ሰፊ ቦታ ግራጫ ይመስላል፤ ሌሎቹ ቀለሞች ያግዙት፣ ጥቃቅን ጽሑፍ ግን በጥቁር ብቻ ይታተም፤ አለዚያ ጠርዙ ይደበዝዛል። እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ ነጭ መስመር እንዳይወጣ፣ ሽፋኑ ከመታጠፉ በፊት የማጠፊያ መስመር እንዲወጣለትና ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ልባስ) እንዲደረግበት ይዘዙ። በየጠርዙ ሲስተካከል የሚቆረጥ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ይተዉ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ለምሳሌ የአርትዖቱ፣ የገጽ አቀማመጡ፣ የሽፋኑና የኅትመቱ ወጪ ለ1,000 ቅጂ 400,000 ብር ቢሆን አንዱ 400 ብር ፈጀ። አከፋፋዩ ከሽያጭ ዋጋው 35 በመቶ ቢወስድ፣ ብዙዎች 400 ላይ 35 በመቶ ጨምረው 540 ይላሉ። ከ540 ላይ አከፋፋዩ 189 ሲወስድ 351 ይቀራል፤ በየቅጂው 49 ብር ከሰሩ። ትክክለኛው 400ን ለ0.65 ማካፈል ነው፤ ወደ 615 ይመጣል፣ እሱም ያለ ምንም ትርፍ። ለአስተያየትና ለስጦታ የሚሰጡትን 50 ቅጂ ከ1,000ው ቀንሰው ቢያሰሉ አንዱ ወደ 421 ብር ይደርስና ዋጋው ከ648 በታች መሆን የለበትም። ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስና ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚከፈል ከአከፋፋዩ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ።

የአይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ) ቁጥሩን ከወመዘክር (ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የሚወስዱት ሽፋኑ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ነው። የኤሌክትሮኒክ ቅጂም ካሰቡ ለእሱ ሌላ ቁጥር ያስፈልገዋል።