ፕሮሰሰር ቀይራችሁ ቤንችማርኩ (የፍጥነት ፈተናው) ላሳፈራችሁ፦ ጠይቁኝ

የምችለውን እመልሳለሁ፤ አንድ አደራ ግን አለ። «ቀርፋፋ ነው» ብቻ ብላችሁ አትተዉኝ። ፈተናው እየሮጠ ሳለ ኤችደብሊውኢንፎን (የፕሮሰሰሩን ሁኔታ የሚያሳየውን ፕሮግራም) ክፈቱና ሙቀቱን፣ ዋቱንና ፍጥነቱን አይታችሁ ጻፉልኝ። ፈተናው ካለቀ በኋላ የታየ ሙቀት ለምንም አይሆንም።

ጥ፦ ከራይዘን 5 2600 ወደ ራይዘን 7 5800ኤክስ ዘለልኩ። ሲንቤንች አር23 (የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም) ላይ አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። ሙቀቱ 90 ዲግሪ ነው። ኩለሩ (ማቀዝቀዣው) የድሮው ነው።

መ፦ ራስህ መለስከው እኮ! 2600 የ65 ዋት ፕሮሰሰር ነው፣ አብሮት የሚመጣውም ትንሽ ኩለር ለእሱ የተመጠነ ነው። 5800ኤክስ ግን በሙሉ ጭነት እስከ 142 ዋት ይስባል፤ የሙቀት ጣሪያውም 90 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ነው፣ ኩለር ቀይር። ስትገጥም የድሮውን ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባውን) በአልኮል ጥረግ፤ ከአዲሱ ኩለር ሥር የተለጠፈችውን ላስቲክም መላጥ አትርሳ። እኔ ረስቻት ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮሰሰሩን ስረግም ከርሜያለሁ።

ጥ፦ የኔው አይ5-12400 ነው። ሙቀቱ 60 እንኳ አይሞላም፣ ግን ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ዋቱ 65 ላይ ይቆምና ውጤቱ ይወርዳል።

መ፦ ያንቺ ችግር ሙቀት አይደለም፣ ገደብ ነው። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ሁለት ጣሪያ አስቀምጦለታል፦ ለአጭር ጊዜ 117 ዋት፣ ከዚያ በኋላ 65። ማዘርቦርድሽ ይህን በታማኝነት እያስከበረ ነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ውስጥ የረጅም ጊዜውን ገደብ ከፍ ማድረግ ትችያለሽ፤ ሙቀትሽም ይፈቅዳል። ማዘርቦርዱ ርካሽ ከሆነና በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት የኃይል ክፍሎች ማቀዝቀዣ ብረት ከሌላቸው ግን እጅሽን ሰብስቢ።

ጥ፦ አይ5-7400ን አውጥቼ አይ7-7700 ከተትኩ፤ የብዙ ኮር ውጤቱ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል።

መ፦ ታስክ ማናጀር ላይ «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» ስንት ይላል?

ጥ፦ 4።

መ፦ 8 ማለት ነበረበት! የድሮው 4 ኮር በ4 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሠሩ የሥራ መስመሮች) ነበር፤ አዲሱ 4 ኮር በ8 ትሬድ ነው። «ኤምኤስኮንፊግ» ብለህ ክፈት፣ «ቡት» ውስጥ «አድቫንስድ» የሚለውን ተጫን። የፕሮሰሰር ብዛት የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ አጥፋና ሪስታርት አድርግ። ይህን ሳጥን መሙላት ዊንዶውስን ያፈጥናል ተብሎ የሚነገር የድሮ አጉል ምክር ነው፤ ያኔ ጉዳት አልነበረውም፣ ዛሬ አሰረህ። ምልክት ከሌለ ባዮስ ውስጥ ሃይፐር ትሬዲንግ (አንዱን ኮር በሁለት ትሬድ የሚያሠራው) ተዘግቶ እንደሆነ እይ።

ጥ፦ አገኘሁት፣ ምልክት ነበረበት። 8 አለኝ! እግዜር ይስጥልኝ።

ጥ፦ 3600 ብዬ የገዛሁት ራም ፕሮሰሰር ከቀየርኩ ወዲህ 2133 ይላል።

መ፦ ፕሮሰሰር ሲቀየር ብዙ ጊዜ ባዮሱ ወደ መጀመሪያው ቅንብር ይመለሳል፤ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር) እንደገና አብራ። ሁለቱ ራሞች ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ቀዳዳ ላይ ይሁኑ፣ ጎን ለጎን ከተሰኩ በአንድ ቻናል ሊሠሩ ይችላሉ። ሲንቤንች ለራም ፍጥነት ብዙም ደንታ ስለሌለው ልዩነቱን በጌምና በሰቨን ዚፕ (የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም) ፈልገው።

ጥ፦ ጓደኛዬ 12,000 አገኘ፣ እኔ በተመሳሳይ ፕሮሰሰር 600 ምናምን! ተበላሽቶ ነው?

መ፦ እሱ በአር23፣ አንተ በሲንቤንች 2024 ለክታችሁ ይሆናል። መለኪያቸው ለየቅል ነው።

ጥ፦ ሁሉንም አየሁ፣ ምንም የለም። ዊንዶውስ ልጫን?

መ፦ ቆይ። መጀመሪያ የፓወር ፕላኑን (የዊንዶውስን የኃይል አጠቃቀም ቅንብር) እይ፤ የቺፕሴት ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያግባባው) እና ባዮሱ አርጅተው እንደሆነም እይ። ከዚያ ከበስተጀርባ ፕሮሰሰሩን የሚበላ ፕሮግራም ካለ ዝጋ። እምቢ ካለ ጫን፤ በተለይ ዊንዶውሱ ከድሮው ማዘርቦርድ ላይ ከነዲስኩ ተነቅሎ የመጣ ከሆነ።