ወጣቶችን ይዞ ተራራ መውጣት፦ ጥያቄና መልስ

የሰፈርና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይዤ እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ ስመላለስ ዓመታት አለፉ። የጠየቃችሁኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ። ሁሉም ለደርሶ መልስ ጉዞ ነው፤ ድንኳን ተክሎ ማደር ሌላ ወሬ ነው።

«ጋሼ፣ 25 ልጆች ይዘን ወጨጫ ልንወጣ ነው። አብዛኞቹ ተራራ ወጥተው አያውቁም። ይከብዳቸዋል?»

የወጨጫ አናት 3,385 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 በላይ ስለሆነች ልጆቹ ቀጭኑን አየር ለምደውታል። የሚያደክማቸው ሩጫቸው ነው። ወጨጫ ጎን ያለው መናገሻ ሱባ ጫካ ሲገቡ ጽዱና ዝግባው ጥላ ነው፣ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ ሁሉም ይሮጣል። ወደ ላይ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታው ሲጀምር ግን ጥላው ያልቃል። ጠዋት የሮጡት ያኔ መቀመጫ ድንጋይ ፍለጋ ዓይናቸው ይንከራተታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አናቱን እርሱት። ጫካው ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ተጉዛችሁ ተመለሱ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የአካባቢውን አስተዳደር ስለ ጸጥታው ጠይቁ፤ ደብዳቤም ያዙ። አምና ሰላም ነበር ብሎ መሄድ አያዋጣም።

«ለስንት ልጅ ስንት አዋቂ? ፊት ማን ይሂድ?»

የኔ ልክ ለስድስት ወይም ለሰባት ልጅ አንድ አዋቂ ነው። ፊት የሚሄደው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ግን በጣም ቀርፋፋው ልጅ። ጎበዞቹ ይነጫነጫሉ፣ ይነጫነጩ። ቀርፋፋው ኋላ ከቀረ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የፊቶቹ አርፈው ይጠብቁታል፣ እሱ ሲደርስ እነሱ ይነሳሉ። በጣም የደከመው ልጅ አንዴም ሳያርፍ ይውላል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ «ጅራት» የምንለው አዋቂ አለ። ከሱ ኋላ ማንም አይቀርም፣ ለሽንትም ቢሆን።

ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። አንድ ጊዜ ምሳ ላይ ቆጠርን፣ 19። የመጣነው 20 ነን። ደግመን ቆጠርን፣ 19። ልጁ የጫማውን ክር ሊያስር ቁጭ ብሎ፣ ቀና ሲል ሰው የለም። በእንጨት ለቃሚዎች መንገድ ቁልቁል ወርዶ ነበር። አርባ ደቂቃ ፈልገን ስናገኘው አንዲት እናት የጫኑትን ቅጠል አውርደው አጠገቡ ተቀምጠው ቆሎ ያበሉታል። ከዚያ ወዲህ በየእረፍቱ እቆጥራለሁ፣ ሳንነሳ። ለየልጁም ፊሽካ አንገቱ ላይ አስራለሁ። የጠፋ ልጅ ባለበት ቆሞ ሦስት ጊዜ ይነፋል እንጂ መንገድ አይፈልግም።

«የኛ ልጆች ጿሚ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩም አሉ። እንዴት እናድርግ?»

ቀኑን ቀይሩ። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ለሙስሊም ልጆች ረመዳንን እለፉ። ውሃ ሳይጠጣ ዳገት የሚወጣ ልጅ ራሱን ያዞረዋል፣ ያውም በልጆች ዘንድ «እኔ አልበላም» ማለት ፉክክር ይሆናል። መቀየር ካልተቻለ ተራራው ይቅርና ሜዳ ላይ ተገናኙ። በሌላ ቀን ግን ሁለት ሊትር ውሃ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ። ቺፕስና ለስላሳ ብቻ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፤ ስለዚህ ትርፍ ዳቦ በኔ ቦርሳ አለ።

«ይቅርታ፣ ይህን ፊት ለፊት መጠየቅ ከበደኝ። ሴት ልጆች የወር አበባ ቢመጣባቸውስ?»

ምንም ይቅርታ የለውም እህቴ፣ እኔም ብዙ ዓመት ያላሰብኩት ነገር ነው። ሴት አስተባባሪ የሌለበት ጉዞ አልወጣም። ሞዴስ፣ ሶፍትና ጥቁር ፌስታል እሷ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል። ጠዋት ሳንነሳ ሴቶቹን ለብቻ ሰብስባ «እኔ ጋ አለ» ትላቸዋለች። አለቀ። ይህ ካልተነገረ ልጅቷ «ሆዴን አመመኝ» ብላ ቀኑን ሙሉ ዝም ትላለች።

«ከዋሽንግተን ልጆቼን ይዤ ሐምሌ ላይ እመጣለሁ። እንጦጦ ላወጣቸው እችላለሁ?»

እንጦጦ ማርያም አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እናንተ የምትመጡት ከባሕር ጠለል ከፍ ካላለ ከተማ ነው። ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ይረፉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው ወደ ታች ነው እንጂ «ትንሽ ቀረ» አይሰራም። ሐምሌ ደግሞ ክረምት ነው፤ በማለዳ ወጥታችሁ ከቀትር በፊት ውረዱ። የጥጥ ቲሸርት ከራሰ ሰውነት ላይ በረዶ ነው፣ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ።

«መብረቅ ቢመጣ ዛፍ ስር እንጠለል?»

በፍጹም። ብልጭታውን አይታችሁ ቁጠሩ። ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ከአናቱና ከጫፉ ወዲያው ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ ተራርቃችሁ ሂዱ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳችሁ አትውጡ።

«ምን ዓይነት ጫማ?»

የለመዱትን። ለጉዞው ብሎ ዋዜማውን መርካቶ የገዛ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ ያነክሳል። አሮጌ ስኒከር ሶሉ ካልላሸ ይሻላል፤ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ቁልቁለት ሲወርዱ የላሸ ሶል ያንሸራትታል።

«መቼ ነው መመለስ ያለብን? ልጆቹ አናቱን ካላየን ብለው ያስቸግራሉ።»

ሰዓቱን ቤት ሆናችሁ ቁረጡ፣ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ንገሩ። የኔ 7 ሰዓት ነው፤ አናቱ በእጅ የሚነካ ቢመስልም እንመለሳለን። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል፣ የደከመ ልጅ ደግሞ ሲወርድ ነው የሚወድቀው። ቁርጭምጭሚቱ የተወለመ ልጅ መሸከም ምን ያህል ሰዓት እንደሚበላ አንዴ ካያችሁ አትከራከሩም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ግን መኪና እስከሚገባበት ድረስ ነው የሚመጣላችሁ፣ ከዚያ በላይ ያለው በናንተ ትከሻ ነው።

«የእረኞች ውሻ ቢመጣብንስ?»

አትሩጡ። ተሰብስባችሁ ቁሙና ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ እረኛውን ጥሩትና ሰላምታ ስጡ። መንገዱንም ከማንኛችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።