ኤኤምዲ64 የሚል ፋይል ኢንቴል ሰርቨር ላይ ይሠራል ወይ?

ወንድሜ፣ ያነሳኸው ሁለት ነገር ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር የተባለው የሊኑክስ ሲስተም ፋይሉ «ኤኤምዲ64» ስለሚል ኢንቴል ማሽን ላይ ይሠራል ወይ? ሌላው ሲስተም ሮኪ ሊኑክስስ «ቡት»፣ «ሚኒማል»፣ «ዲቪዲ» እያለ ሦስት አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ሲደረድር የቱን ላውርድ?

የመጀመሪያውን ያለ ስጋት አውርደው። የኤክስ86ን (የተለመደውን የፒሲ ፕሮሰሰር ዓይነት) 64 ቢት ቀድሞ ያወጣው አምራቹ ኤኤምዲ ስለሆነ ስሙ እዚያው ቀረ እንጂ ኢንቴልም ያንኑ ተከትሏል። ሮኪ «ኤክስ86_64»፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ «ኤክስ64» የሚሉት ይህንኑ ነው። «ኤአርኤም64» ካየህ ግን እለፈው፤ የሌላ ፕሮሰሰር ነው።

ሁለተኛው ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ኢንተርኔት የማይገባበት ሰርቨር ነበር። ማውረዱ ቶሎ ያልቅልኛል ብዬ ትንሹን፣ «ቡት» የሚለውን ይዤ ሄድኩ። ተነሳ፣ ቋንቋ ጠየቀኝ፣ ዲስክ መረጥኩ። ከዚያ «የመጫኛ ምንጭ» የሚለው ቦታ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ቆመ። የማስጀመሪያው ቁልፍ ደብዝዟል፣ ብትጫነው አይሰማም። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ወይ ፍንክች! ለካ «ቡት» የያዘው ጫኚውን ብቻ ነው። ፓኬጆቹን፣ ማለትም የሚጫኑትን ፕሮግራሞች፣ ከኔትወርክ ነው የሚያመጣው። «ሚኒማል» ያለ ኢንተርኔት መሠረታዊውን ይጭንልሃል፤ ዴስክቶፕ ግን አትጠብቅ። «ዲቪዲ» ትልቅ የሆነው ፓኬጆቹን ጠቅልሎ ስለያዘ ነው። ኔትወርኩን ካላመንከው እሱን ያዝ።

ቁጥሩንም እየው። ኡቡንቱ 24.04 ማለት በፈረንጆቹ 2024፣ በ4ኛው ወር የወጣ ነው። ከኋላው .1 ወይም .2 ካለ እስከዚያ የወጡ ማስተካከያዎች ተካተውበታል። 24.10ን ደግሞ «ይሄ አዲስ ነው» ብለህ ሰርቨር ላይ እንዳትጭን፤ እንዲህ በመሃል የሚወጡት ድጋፋቸው 9 ወር ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው «ኮር» የሚለው ቃል ነው። በድርጅት ፈቃድ የሚወርደው ፋይል ስም ውስጥ ያለው «ኮር» የፈቃዱን አከፋፈል፣ ማለትም በፕሮሰሰር ኮር ልክ መሆኑን ነው የሚናገረው። ዴስክቶፕ የሌለውን ሰርቨር ኮር ማለቱ አይደለም። ያንን የምትመርጠው ሲጫን ነው፤ «ዴስክቶፕ ኤክስፒሪየንስ» የሚል ያልተጻፈበትን ከመረጥክ ጥቁር መስኮት ብቻ ይጠብቅሃል። «ኢቫል» ያለበት ደግሞ የ180 ቀን ሙከራ ነው።

ፍላሽ ላይ ኮፒ ፔስት አድርገህ አይነሳም፤ ሩፈስ ወይም ዲዲ በሚባሉት የመጻፊያ ፕሮግራሞች ጻፈው። ከዚያ በፊት ሻ256ቱን፣ ማለትም ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ኮድ፣ አመሳክር። ስሙንም አትንካ! እኔ አንዴ «አዲሱ ሰርቨር» ብዬ ቀየርኩትና ማመሳከሪያው በፊተኛው ስሙ ፈልጎ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎኝ፣ የወረደው ተበላሽቷል ብዬ እንደገና ሳወርድ አመሸሁ።