ጥለት፣ ጥልፍ ወይስ ዝንጉርጉር?

ጥያቄ፦ የመታጠቢያ ቤታችንን ወለል ልናሳድስ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር። ባለቤቴ «ባለ ጥለት ሴራሚክ ይሁን» አለች። ሻጩ «ዝንጉርጉሩን ነው?» ብሎ ጠየቀን፤ የሚያነጥፍልን ባለሙያ ደግሞ «ባለ ዲዛይን» ይለዋል። ትክክሉ የቱ ነው? «ታይልሶች» ማለትስ ያስኬዳል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ይበልጥ ቀርበዋል። ዝንጉርጉር የነብር ነው፤ ኤርምያስ 13፥23 ላይም ነብር ይለውጥ ዘንድ ይችላልን ተብሎ የተጠየቀው ዝንጉርጉርነቱን ነው። ነጥቡ እንዳሻው የተበተነ፣ ሥርዓት የሌለው መልክ ማለት ነው። ሻጩ በዚህ ስም ቢጠራው የሚያምርበት ጠጠሩ የተረጨበት ቴራዞ እንጂ አበባው በእኩል ርቀት የሚመላለስ ሴራሚክ አይደለም። «ባለ ዲዛይን» የሚለውን ይተዉት፤ ነጩ ሴራሚክም ቢሆን ዲዛይን አለው።

ጥለት ከሸማኔ ቤት የመጣ ቃል ነው። ከሸማው ጋር አብሮ ይሸመናል፣ እየተደጋገመ ይሄዳል። ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ነገር የሚያጠብቅ ሰው ካለ፣ በአብዛኛው ሴራሚክ ላይ ሥዕሉ ከላይ የታተመ ስለሆነ «ባለ ጥልፍ» መባል አለበት፤ ጥለት የሚገባው ቀለሙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ለዘለቀው የሲሚንቶ ንጣፍ ብቻ ነው ብሎ ይከራከር ይሆናል። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሸማ ጥለት ያለው በጠርዙ ነው። ስለዚህ «ባለ ጥለት ወለል» ሲባል አንዱ መሐሉ ነጭ ሆኖ ዙሪያውን ብቻ ያጌጠ ወለል ሊያስብ ይችላል፤ ጥንታዊው ትርጉም ከእሱ ጋር ነው። ዛሬ ቃሉ ሰፍቷል፤ ስልክዎን በጣት መስመር ሲከፍቱ «ሥርዓተ ጥለት» የሚለው ስለ ጠርዝ አይደለም። ሁለቱም ትርጉም በሕይወት ስላለ «ወለሉ በሙሉ ጥለት» ወይም «ዙሪያው ጥለት» ብለው ለይተው ይዘዙ።

ሱቅ ውስጥ አንድ ጥያቄ አይርሱ፦ «አንዱ አበባ በስንት ሴራሚክ ይሞላል?» በአራት የሚሞላ ከሆነና ሴራሚኩ 60 በ60 ከሆነ፣ አንዱ አበባ 1 ሜትር ከ20 ይወስዳል፤ በእርስዎ ክፍል ሁለተኛው ሳይፈካ ግድግዳው ይቆርጠዋል። 20 በ20 ከሆነ ግን ለሦስቱ ካሬ ሜትር 75 ሴራሚክ ይገባል፤ ለስባሪና ለቁራጭ የሚሆን ይጨምሩበት። «75 ሴራሚኮች» ማለት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ተናግሯል።

«ታይልሶች» ያስኬዳል። «ስ» በእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር ምልክት እንደሆነች አውቃለሁ፤ «ካህናቶች»ን የሚሰርዙ ሰዎች ይህንንም ሊሰርዙት ይነሣሉ። «ካህናቶች»ን እኔም እሰርዛለሁ፤ ነጠላው «ካህን» በአማርኛ ውስጥ አለና። «አንድ ታይል ተሰበረ» የሚል ግን አልሰማሁም፤ የሚሰበረው አንድ ታይልስ ነው። ቃሉ ወደ እኛ የገባው ነጠላ ሆኖ ስለሆነ ሲበዛ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ስም «ኦች» ይጨመርለት።